ሀፊዝ መሕሙድ ቀላሉን ባለ ሦስት እግር መርጠው ወደ ቦሩ ሜዳ እንደ ወጡ

በሁለት ሺህ ዐሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በሙስሊሞችም አቈጣጠር በወርኃ ሻዕባን፣ ብረት እግር የተባለው ከባድ የካሜራ መቆሚያ ትራይፖድ በደሴ ከተማ በቧንቧ ውሃ ሰፈር በነገሠ በዘጠነኛው ዓመት፣ ሙሽራ የሚያስከትሉ፣ ተመራቂ የሚያሰልፉ፣ ሚዜን በአንድ ጣት ምልክት የሚያቆሙ የካሜራው ባለሙያ ሀፊዝ መሕሙድ፣ ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት፣ ወገባቸው ግን ሰባ በሞላው ጊዜ፣ ለቪዲዮ የሚሆን ቀላል የመንገድ ትራይፖድ ሊመርጡ ተነሡ።

ብረት እግር የቀድሞው ትራይፖዳቸው ነው። ክብደቱ ስድስት ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም፣ ታጥፎ ቁመቱ ዘጠና አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ጠባዩም ጽኑ ነበረ፤ በዘመነ መንግሥቱ አንድ ቀን እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በሚኒባስ ሲሄድ የአንድ ሰው ወንበር ይዞ ይሄድ ነበር፤ በሰርግ ቤት ሕፃናት ተሰናክለውበት ያለቅሱ ነበር፤ እርሱ ግን ዘወር ብሎ አያያቸውም ነበር። ነገር ግን የሀፊዝን ወገብ እጅግ ስለ ጎዳው፣ ሐኪሙ የአጥንታቸውን ፎቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግቶ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከሁለት ኪሎ የሚበልጥ ብረትም ሆነ እንጨት በትከሻህ ላይ እንዳላይ! ተሸክመህ ብትገኝ ወደ እኔ አትመለስ፤ ቀጥታ አናጢ ቤት ሂድ፣ እሱ በሚስማር ይመታልሃል።»

በዚያ ወራት የሀፊዝ አክስት እሜቴ ኡሙሰልማ፣ ከቦሩ ሜዳ በላይ መኪና በማይደርስበት መንደር የሚኖሩ፣ ከአባታቸው የተቀበሉትን አንድ ረጅም መንዙማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚያውቁ፣ ከእርሳቸውም በቀር ሙሉውን የሚያውቅ በዚያ ሀገር የሌለ፣ በአንገታቸው የወጣው እንቅርት መተንፈሻቸውን ስለ ተጫነ፣ ረቡዕ የካቲት አራት ቀን ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተቀጠሩ። ሐኪሞቹም እንቅርቱ ከድምፅ ነርቭ ጋር ተጣብቋልና ድምፃቸው እንደ ነበረ ሊቀር፣ ሊሻክር፣ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ እንደሚችል አስቀድመው በግልጽ ነገሯቸው። መንዙማው በመጽሐፍ የለም። ግጥሙ ቢጻፍ እንኳ ዜማው የሚጻፍ አይደለም። ስለዚህ ከቀጠሮው በፊት ለቀረጻ የቀረው ቀን እሑድ የካቲት አንድ ብቻ ነበረ።

ቀድሞም አልተሞከረም አይባልም። ባለፈው ዓመት ሀፊዝ ብረት እግርን ዳገቱን ማውጣት አቅቷቸው ካሜራውን በእጃቸው ይዘው ቀርጸውት ነበር፤ ከዐሥራ ሁለተኛው ደቂቃ በኋላ ግን ወገባቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወገባቸውም ሲንቀጠቀጥ ክንዳቸው፣ ክንዳቸውም ሲንቀጠቀጥ እሜቴ ኡሙሰልማ ከነቤታቸው ተንቀጠቀጡ። እሜቴም ፊልሙን ካዩ በኋላ በፊታቸው እንዲደመሰስ አዘዙ፤ ተደመሰሰም። አሁንም ቀጠሮው በታወቀ ጊዜ በስልክ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ስማ! እሑድ ከዙህር ሰላት በኋላ እላለሁ። አንድ ጊዜ እላለሁ። መንዙማ እንደ ጨርቅ ተቆርጦ አይሰፋም፤ ቆይ ድገሚው፣ ቆይ ከዚያ ጋ ጀምሪ የሚለኝ ቢመጣ ወሏሂ ካሜራውን ከነባለቤቱ ገደል እሰደዋለሁ! አንተም ሀፊዝ፣ እንዳምናው ወባ የያዛት ሴት አስመስለህ ብታንቀጠቅጠኝ አክስት አለችኝ አትበል። በል፣ አሏህ ያበርታህ፤ ወገብህን ቅባት አስነካው።»

ሀፊዝም ይህን በሰሙ ጊዜ ስልኩን አስቀምጠው ወረቀት አወጡ፣ በወረቀቱም ላይ ለሚመጣው ትራይፖድ ሕግ ጻፉ፤ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ እንዳያልፍ፣ ታጥፎ ከጀርባ ቦርሳ እንዳይወጣ፣ ራሱ ሲዞር እንዳይንገጫገጭ፣ የካሜራውንም ሸክም ሳያጎነብስ ለአንድ ሰዓት እንዲችል። ከዚህም ቀጥሎ መንዙማው አርባ ሰባት ደቂቃ እንደሚፈጅ ከዳር ጻፉና ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ሐሙስ ጥር ሃያ ስምንት ቀን ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ እሑድ በቤተ ክርስቲያን የሚቀድስ፣ በሥራ ቀን ማይክ የሚሸከም፣ ዝንብ በሁለት መቶ እርምጃ ስትበር የሚሰማ የድምፅ ባለሙያው ዲያቆን አግማስ፤ በምስል ላይ የአንዲት ፀጉር መንቀጥቀጥ የማያመልጣት፣ ኮምፒውተሯን እንደ ሕፃን ያቀፈች አቀናባሪዋ ትህትና፤ ከእነርሱም ጋር አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አንድ እርሳስ፣ አንድ የሻይ ብርጭቆ። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ ሙቀቱ እየጨመረ ስለ ሄደ፣ ከደሴ ለብሰውት የወጡትን ጃኬት አግማስ በመጀመሪያው ኩርባ፣ ትህትና በአራተኛው፣ ሀፊዝ ግን ክብራቸውን ስለ ጠበቁ ኮምቦልቻ ገብተው አወለቁ።

በኮምቦልቻም የካሜራ ዕቃ የምትሸጥ፣ ደንበኛን ከአረማመዱ የምታውቅ ቢልቂስ የምትባል ነጋዴ ነበረች፤ ሦስት ትራይፖዶችንም አውጥታ በነጩ ሴራሚክ ወለል ላይ አቆመች። ሀፊዝ ተራ በተራ መዘኗቸው። ብርጭቆውንም ሻይ አስሞልተው በእያንዳንዱ ራስ ላይ ባለችው የካሜራ ሰሌዳ አስቀመጡት፣ እግሩን በእርሳሱ ጫፍ አንድ ጊዜ መቱ፣ ሻይውም ረግቶ እስኪቆም ድረስ ሰከንዱን ቈጠሩ።

የመጀመሪያው ሰባት መቶ ሰማንያ ግራም ነበረ፣ ከዣንጥላም ይቀል ነበር። ሻይው ዘጠኝ ሰከንድ ተወዛወዘ፤ ከዚያም ካሜራው በተጫነበት ጊዜ የፕላስቲክ አንገቱን ቀስ በቀስ ደፍቶ ወለሉን ማየት ጀመረ፣ ቢያቀኑትም ተመልሶ ደፋ። እርሱም ወደ ሣጥኑ ተመለሰ። ሁለተኛው ከካርቦን የተሠራ፣ መልከ ቀና፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ከመቶ ሃምሳ፣ ሻይውንም በአራት ሰከንድ ያረጋ ነበረ፤ የአግማስ ልብ ወደ እርሱ አዘነበለ። ነገር ግን እግሩ አምስት ጊዜ የሚመዘዝ ስለ ሆነ የመጨረሻው ዘንግ ከእርሳሱ አይወፍርም፣ ራሱም በኳስ ላይ የሚሽከረከር ነበረና፣ ሀፊዝ ካሜራውን ከቀኝ ወደ ግራ ባዞሩ ጊዜ አድማሱ አብሮ ተንጋደደ፤ በምስሉም ላይ የቢልቂስ መደርደሪያ እንደ ሐረጎ ዳገት ሆነ። ትህትና ዓይኗን ጨፈነች። ይህ ለፎቶ እንጂ ለቪዲዮ አልተፈጠረም ተብሎ በክብር ተሰናበተ።

ሦስተኛው አሉሚኒየም ነበረ። አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ አርባ ግራም መዘነ፤ እግሩ አራት ጊዜ ይመዘዛል፣ ተመዝዞም በማጠፊያ ይቆለፋል፤ ራሱ ውስጥ ዘይት አለና እጀታውን ሲገፉት እንደ ማር ይዞራል፣ ሲለቁትም ባለበት ይቆማል። ሻይው በሦስት ሰከንድ ረጋ። የመሐሉ ምሰሶ ወደ ላይ ሲመዘዝ ግን ሰባት ሰከንድ ፈጀ፤ ሀፊዝም የመሐሉ ምሰሶ ለዘለዓለም እንዳይመዘዝ በዚያው ቦታ ደነገጉ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ከሩብ ስለ ቆየ፣ ሻይውም አራት ጊዜ ስለ ተቀዳ፣ ቢልቂስ በሱቋ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ እንዲህ ስትል አወጀች፦

«የአሏህ ያለህ፣ ሚስት ስታጭም ሚዛንና ሜትር ይዘህ ነው የምትሄደው? ለካ ለዚህ ነው ሳታገባ የቀረኸው! ይኸው፣ ይሄ ሦስተኛው ጥሩ ነው፤ የእግሩ ጎማ ቢያልቅ እንኳ ተሽከርክሮ ይወልቃል፣ ሌላ እሰጥሃለሁ። ውሰደውና በሰላም ግባ፤ ብርጭቆህን ግን አጥበህ ውጣ፣ ንብ ጠራህብኝ!»

ሦስተኛው ተመረጠ። በዚህም ምርጫ ውስጥ አንድ ስሕተት ነበረ፤ የቢልቂስ ወለል ሴራሚክ ነበረ፣ ከሴራሚኩ በታች ሲሚንቶ፣ በላዩም የሚወዛወዝ ሰው አልነበረም። ሀፊዝ ራሱን፣ እግሩን፣ አንገቱን መረመሩ፤ የሚቆምበትን ግን አልመረመሩም። ጎማው ይወልቃል ሲባልም ከጎማው ሥር ምን እንዳለ ያየ ማንም አልነበረም።

በነጋውም በደሴ በቤታቸው ሰገነት ላይ ነፋስ ባለበት ሰዓት አቆሙት፤ ከሥሩም ባለው ማንጠልጠያ የአግማስን ቦርሳ ሰቀሉበት፤ ቆመ። ብረት እግርም ከመንግሥቱ ወርዶ ከበሩ ኋላ ተቀመጠ፣ ዣንጥላም ተሰቀለበት።

እሑድ የካቲት አንድ ቀን አግማስ ቀድሶ እንደ ወጣ በሚኒባስ ወደ ቦሩ ሜዳ ሄዱ፣ ከዚያም በእግራቸው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ዳገት ወጡ። ትህትና ኮምፒውተሯን ጠብቃ ደሴ ቀርታለች። አዲሱ ትራይፖድ በሀፊዝ ጀርባ ላይ ነበረ፣ ካሜራውን ግን ስለ ሐኪሙ አዋጅ አግማስ ከማይኩና ከባትሪዎቹ ጋር ደርቦ ተሸከመ፤ በዳገቱም ወገብ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ በማሳ ውስጥ ያሉት ገበሬዎች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ስሙ፣ ያገሬ ሰዎች! ሀፊዝ ቀላል ነገር መርጧል፤ ከባዱ ነገር በሙሉ እኔ ጋ ነው ያለው! አንተ ሰውዬ፣ ወገብህ እንጂ እግርህ አልተሰበረ፤ ሚዳቋ ይመስል ወዴት ነው የምትሮጠው? ጠብቀኝ!» ሀፊዝም ጠበቁት፤ ትንፋሻቸው ግን የተረጋጋ ነበረ፣ ወገባቸውም እስከ መንደሩ ድረስ ዝም አለ።

የእሜቴ ኡሙሰልማ ቤት ግንቡ ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ የተደለደለ መሬት ነው። በመሬቱ ላይ ገለባ፣ በገለባው ላይ ሰሌን፣ በሰሌኑም ላይ ሰላት የሚሰገድበት፣ ከአባታቸው የወረሱት ቀይ ስጋጃ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጥፎ ነበር። መንዙማውን የሚቀበሉ ዐሥራ ስምንት የመንደሩ ሴቶች ተቀምጠዋል። ድቤ የምትመታው የእሜቴ ልጅ ዊዳድ በደጁ ቆማ ለሚገባው ሁሉ፦ «ጫማ! ጫማ! ጫማ ያደረገ እግር እዚህ ስጋጃ ላይ እንዳይወጣ!» እያለች ታውጅ ነበር።

አግማስ በቤተ ክርስቲያን የለመደው ነውና ፈጥኖ አወለቀ። ሀፊዝም አወለቁ፤ ከዚያም አዲሱን ትራይፖድ ተመለከቱ። ሦስት እግር አለው፣ በሦስቱም እግር ጥቁር ጎማ አለ፣ በጎማውም የዳገቱ ጭቃ አለ። አንድን ሥርዓት በከፊል መጠበቅ በተፈጥሯቸው የለምና፣ ጎንበስ ብለው ሦስቱን ጎማዎች አንድ በአንድ አሽከርክረው አወለቁ፣ ከሃያ ጥንድ ጫማም አጠገብ በረድፍ አስቀመጧቸው። ሴቶቹም አዩ፣ አንዳንዶቹም ማሻአሏህ አሉ። ነገር ግን ሀፊዝ ቀና ብለው ሊገቡ ሲሉ፣ ከሦስቱ እግሮች ሥር ጎማው የሸፈናቸው ሦስት ሹል ብረቶች፣ እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት አንጓ የሚያህሉ፣ በስጋጃው ላይ አንዣብበው ታዩ። እሜቴ ኡሙሰልማም ከተቀመጡበት ሆነው አወጁ፦

«ኧረ ተው! ጫማውን አውልቅ ተባልህ እንጂ ጥፍሩን አውጣ ተባልህ? የአባቴን ስጋጃ ሊቦጭቅ ነው! መልስለት፣ መልስለት፣ እጠብና አልብሰው!»

ሀፊዝ ጎማዎቹን በማሰሮ ውሃ አጥበው መለሱ፣ ትራይፖዱንም በስጋጃው ላይ አቆሙ፣ የሻይ ብርጭቆውንም አኖሩበት። ዊዳድ ድቤዋን ልትሞክር ሦስት ጊዜ መታች፣ ሴቶቹም ለመለማመድ አጨበጨቡና ወዲያና ወዲህ ተወዛወዙ። ሻይው በሦስት ሰከንድ አልረጋም። በሠላሳም አልረጋም። ስጋጃው በሰሌኑ፣ ሰሌኑም በገለባው ላይ ይንሳፈፍ ነበረና፣ ሴቶቹ ወደ ቀኝ ሲሉ ሻይው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲሉ ወደ ግራ ይፈስ ነበር። ቦርሳ ቢሰቅሉበት ከቦርሳው ጋር ተወዛወዘ። ሴቶቹ አትንቀሳቀሱ ይባሉ ዘንድ አይቻልም፤ መንዙማ የሚቀበል ሰው እንደ ግንድ ቆሞ አይቀበልምና። ሌላ ቀን ይሁን ይባል ዘንድም አይቻልም፤ ረቡዕ ሦስት ቀን ቀርቶታልና። ሀፊዝ ተንበርክከው ብርጭቆውን ብቻ ይመለከቱ ነበር፤ ፊታቸውም ከሻይው ይልቅ ጠቁሮ ነበር።

እሜቴም ይህን አይተው እንቅርታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈን አደረጉ፣ ከዚያም እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ተነሡ ሴቶች፣ ሁላችሁም ተነሡ! ስጋጃውን ከበሩ በኩል እጠፉት፤ ሰሌኑንም፣ ገለባውንም። ያን ጥፍሩን መልስለት ሀፊዝ። ጥፍር ያለው ነገር መሬት ይቆንጥጥ፤ መሬቱ እንደሁ የኔ ነው፣ ይቻለዋል። ቶሎ በሉ፣ ትንፋሼ ሳለ!»

ዐሥራ ስምንቱ ሴቶች ተነሡ። ስጋጃው ሁለት ክንድ ያህል ታጠፈ፣ ሰሌኑ ታጠፈ፣ ገለባው በእጅ ተጠረገ፤ ሴቶቹም በተረፈው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጎማዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ወለቁ። ሀፊዝ ሦስቱን ሹል ብረቶች በተደለደለው መሬት ላይ አኑረው አንድ በአንድ በመዳፋቸው ተጫኑ፤ ብረቶቹም እስከ አንገታቸው ገቡ። ዊዳድ ድቤዋን መታች፣ ሴቶቹ አጨበጨቡ፣ ተወዛወዙም። ሻይው አንድ ጊዜ ነዘረና ረጋ። በብርጭቆውም ውስጥ የበሩ ብርሃን እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ ቆመ። ሀፊዝ ሻይውን ጠጡት፣ ካሜራውንም ጫኑ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ እሜቴ ኡሙሰልማ ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ድምፃቸው በመጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበረ፣ ከስምንተኛው ደቂቃ በኋላ ግን ቤቱን ሞላው። የተባለው ሁሉ እዚህ አይጻፍም፤ በሌላ ቦታ ተቀምጧል። በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ከአራት ሰከንድ ላይ፣ ለዝናብ የሚለመንበት ቦታ ሲደርሱ፣ እንቅርቱ ተጫናቸውና ድምፃቸው በቃል መሐል ተቋረጠ። አፋቸው እንደ ተከፈተ ነበረ። ድቤው ቆመ፣ ጭብጨባው ቆመ፣ አግማስ በማዳመጫው ውስጥ ትንፋሻቸውን ብቻ ይሰማ ነበር።

በሰርግ ቤት ዘፋኝ ሲያስለው ካሜራውን ፈጥኖ ወደ ጨፋሪው ማዞር የሀፊዝ የዘጠኝ ዓመት ልማድ ነበር። ቀኝ እጃቸውም በልማዱ ተነሣ፣ ወደ እጀታውም ሄደ፣ አራት ጣት ያህል ሲቀረው ግን ቆመ። ከዚያም እጁ ተመልሶ በግራ ብብታቸው ሥር ገባ፣ ግራውም በቀኙ ሥር ገባ፣ በዚያም ቆዩ። ካሜራው ቆጠረ፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ነበረ። በዐሥራ ሁለተኛው እሜቴ ኡሙሰልማ ያቋረጡትን ቃል ከተቋረጠበት ፊደል አንሥተው ጨረሱት፣ መንዙማውንም እስከ አርባ ሰባተኛው ደቂቃ አደረሱት።

ትህትና በደሴ ፊልሙን ሦስት ጊዜ መረመረች፤ በሁሉም ላይ የሚንቀሳቀስ ያገኘችው ሰዎቹን ብቻ ነበረ። ድምፅ የተቋረጠበት ዐሥራ አንድ ሰከንድ ይቈረጥ ወይ ብላ አልጠየቀችም፣ የጠየቃትም አልነበረም፤ እንደ ነበረ ተወችው።

ረቡዕ ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ዓርብ የካቲት ስድስት ቀን እሜቴ ኡሙሰልማ አንገታቸው ታሽጎ፣ እንዳይናገሩ ተከልክለው በአልጋ ላይ ሳሉ፣ ትህትና ኮምፒውተሯን በጉልበታቸው ላይ ከፈተችላቸው፣ ዊዳድና ሀፊዝም ከግርጌ ቆሙ። እሜቴ አርባ ሰባቱን ደቂቃ ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ተከተሉት። ሲያበቃም ሀፊዝን ተመለከቱ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሡ፣ መዳፋቸውንም ወደ ታች አድርገው በአየር ላይ ዘረጉት፤ መዳፋቸውም ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ ቆየ። ይህም አዋጅ ተብሎ ተጻፈ። ድምፃቸው ተመልሶ እንደ ቀድሞው ይሆን አይሆን ይህ ሲጻፍ ገና አልታወቀም።

እንግዲህ ሀፊዝ መሕሙድ ይመስገኑ! ግራምን ከኪሎ የለዩ፣ የሚያጎነብሰውን የናቁ፣ መልከ ቀናውን ያሰናበቱ፣ የመሐሉን ምሰሶ ዝቅ ያደረጉ፣ በደጅ ያሳፈራቸውን ጥፍር በቤት ውስጥ ያከበሩ፣ የአክስታቸውን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሰምተው ሁለቱንም ጊዜ የፈጸሙ፣ ስማቸው ከቧንቧ ውሃ እስከ ሐርቡ ይጠራ! ነገሥታት እጃቸውን ዘርግተው ሀገር ያዙ፤ እርሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው አርባ ሰባት ደቂቃ ያዙ።